ለድብርትና ለአቅም ማነስ የቱ ይቅደም? የምግብና የተፈጥሮ አማራጮች ንጽጽር ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ድብርት የተጫነው ወይም አቅም ያነሰው ሰው ከሐኪም በፊት ብዙ መካሪ ያገኛል። አንዱ ጥቁር አዝሙድ በማር ያዛል፤ ሌላው ከፋርማሲ ቫይታሚን እንዲገዛ ይመክራል፤ ሦስተኛው ጸበል ወይም ዱዓ ያስታውሳል፤ አራተኛው ደግሞ «ደምህ አንሶ ነው፣ ሥጋ ብላ» ብሎ ይደመድማል። ምክሮቹ ከፍቅር የሚመነጩ ናቸው፤ ከፊሎቹም እውነት አላቸው። ችግሩ ሁሉም እኩል የሚሠሩና ለሁሉም ሰው የሚስማሙ ተደርገው መቅረባቸው ነው። ከዚህ በታች አማራጮቹን የማነጻጽረው በሦስት ነገር ነው፦ ጥቅማቸው በጥናት ምን ያህል ተፈትሿል፣ ምን ያስወጣሉ፣ ምን ጉዳትስ ሊያመጡ ይችላሉ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ለብዙ ሰው ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት በጠርሙስ ለታሸገ ቫይታሚን ሳይሆን ለደም ምርመራ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጡት የእግር ጉዞ፣ እንቅልፍና ማዕድ ናቸው።

ድካሙ ከየት እንደመጣ

ድብርትና የአቅም ማነስ አብረው ስለሚሄዱ አንድ ሕመም ይመስላሉ። ድብርት ያለበት ሰው ተኝቶ ውሎም ይደክመዋል፤ ደም ያነሰው ሰው ደግሞ ከድካሙ ብዛት ሥራውም ቤቱም ወዳጁም ያስጠላዋል። ሐኪሞች ድብርት የሚሉት ሐዘን ወይም ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ደስታ መንፈጉ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ሲቆይ፣ ከእርሱም ጋር የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብ መበታተን ወይም የሞት ሐሳብ ሲደረብ ነው። በአንጻሩ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠርና ልብ መምታት፣ የዓይን ቆብ ውስጡ መንጣት የደም ማነስን ያመለክታሉ። ብርድ አለመቻል፣ ያለምክንያት መወፈር፣ የሆድ ድርቀትና የቆዳ መድረቅ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከምን፣ የውኃ ጥምና የሽንት መመላለስ ስኳርን፣ የሌሊት ላብና የቆየ ሳል ሳንባ ነቀርሳን ያስጠረጥራሉ። ኮምቦልቻና ከርሷ በታች ባለው ቆላ ደግሞ ወባ መረሳት የለበትም። ከእነዚህ አንዱ ያለበት ሰው ዓመቱን ሙሉ ቫይታሚን ቢውጥ የሚያገኘው ነገር ትንሽ ነው።

ለደሴ ነዋሪ በተለይ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው አካል የአየሩን ስስነት ለማካካስ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ ያመርታል፤ በዚህ የተነሳ የደም ማነስ መለያ ቁጥርም ከከፍታው ጋር ከፍ ማለት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት 12፣ ለወንድ 13 ግራም ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በዴሲ ሊትር ብሎ ያስቀመጠው ለባሕር ጠለል ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ 12.3 የተገኘላት ሴት ወረቀቱን ብቻ ያነበበ ሰው «ደኅና ነሽ» ብሎ ሊመልሳት ይችላል፤ ከፍታው ሲታሰብ ግን ደሟ አንሷል። ውጤት የተቀበለ ሰው «ይህ ቁጥር ለደሴ ከፍታ ታስቦ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የደም ስኳርና ቲኤስኤች የሚባለው የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ለመነሻ በቂ ናቸው፤ አቅም ከፈቀደ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ይጨመራል። ለድብርቱ ደግሞ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ በአማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን የተፈተሸ ሲሆን ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ከዚህ ንጽጽር ውጭ የሚሆኑ ሰዎችም አሉ። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ምግብና ውኃ የተወ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ወልዳ ሳለ ልጇን መንካት ያስጠላት ወይም ልጎዳው እችላለሁ ብላ የፈራች እናት፣ እንዲሁም ቀድሞ ለቀናት ያለ እንቅልፍ ከልክ በላይ ተነቃቅቶ የሚያውቅ ሰው ስለ ምግብና ዕፅ የሚያነብበት ጊዜ የለውም። በዚያው ዕለት፣ ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

እንቅስቃሴ፣ ብርሃንና እንቅልፍ

ከተፈጥሮ አማራጮች ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ያለው እንቅስቃሴ ነው። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 156 የድብርት ሕሙማንን በሦስት ከፍሎ አንዱን ወገን በሳምንት ሦስት ቀን አንቀሳቀሰ፣ ለሁለተኛው ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ሰጠ፣ ለሦስተኛው ሁለቱንም አጣመረ። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጥኖ ረዳ፤ በ16ኛው ሳምንት ግን ሦስቱ ወገኖች የተቀራረበ ውጤት አገኙ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣና ከ14,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 218 ጥናቶች ያጠቃለለ ግምገማም በእግር መሄድ ወይም ሶምሶማ፣ ዮጋና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ድብርትን እንደሚያቃልሉ፣ ጠንከር ያለው እንቅስቃሴም የበለጠ እንደሚረዳ አሳይቷል።

ለዚህ አማራጭ ደሴ የታደለች ከተማ ናት። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተዘረጋች ስለሆነች ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ሰው ወዲያው ዳገት ያገኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረውን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ለመሙላት በየቀኑ ወደ 25 ደቂቃ የዳገት እርምጃ ይበቃል። ኮምቦልቻ ሜዳማና ሞቃት ስለሆነች ሰዓቱ ይመረጣል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ለእግር ጉዞ የሚመች ነው።

ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩ የፋብሪካ ሠራተኞችና የቤቱን ሥራ ሁሉ የተሸከሙ ሴቶች «እኔ እንቅስቃሴ መቼ ጎደለኝ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጥናቶች የሚያሳዩት ለአእምሮ ይበልጥ የሚጠቅመው ሰው በፈቃዱ፣ በራሱ ጊዜ የሚያደርገው እንቅስቃሴ መሆኑን ነው፤ በግዴታ የሚለፉት ልፋት ተመሳሳይ እፎይታ አይሰጥም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለችው ሴት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ልፋት ሳይሆን ልጆቹን የሚይዝላት ሰውና የራሷ የሆነ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ቤተሰብ ሊያግዝ የሚችለውም በዚህ ነው።

የእንቅስቃሴ ትልቁ ድክመት ድብርቱ ራሱ ፍላጎትን የሚወስድ መሆኑ ነው። የተደበረን ሰው «ተነስ፣ ተራመድ» ማለት በዕዳ ላይ ዕዳ መጨመር ይሆንበታል። የሚሠራው ዘዴ ስሜትን ሳይጠብቁ በሰዓት መነሳት ነው፦ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ቢቻል ከጎረቤት ጋር ቀጠሮ ይዞ። ፍላጎቱ የሚመጣው ከእርምጃው በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ከቤት ውጭ መሄድ ብርሃንንም ይጨምራል። በወቅት ለሚመጣ ድብርት ሐኪሞች ጠዋት ለ30 ደቂቃ 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሰጥ መብራት ያዛሉ። ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር እንኳ ያለው ብርሃን በቤት ውስጥ አምፖል ሥር ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በክረምት ጭጋግ ደሴን ሲሸፍናት በር ዘግቶ መዋል የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንቅልፍን በተመለከተ ዋናው መሣሪያ ቋሚ የመነሻ ሰዓት ነው። ለሱብሒ ሰላት ወይም ለኪዳን የሚነሳ ሰው ይህ መሣሪያ በእጁ ነው፤ የሚቀረው ማታ የሚተኛበትን ሰዓት ከመነሻው ጋር ማስማማት ነው። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን ቋሚ ሰዓት አይኖረውም። እርሱ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርዶ ቢተኛ፣ ፈረቃውም የሚቀያየር ከሆነ ከቀን ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ሌሊት በሚሄድ ቅደም ተከተል እንዲሆን አለቃውን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ማዕድ

ምግብ ድብርትን ያቃልላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የሚጠቀስ አንድ ጥሩ ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ ወጥቷል። ከመካከለኛ እስከ ከባድ ድብርት ያለባቸው 67 ሰዎች ለ12 ሳምንታት ተከታትለዋል፤ ግማሾቹ በአመጋገብ ባለሙያ እየተረዱ ወደ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ሲያደሉ፣ የቀሩት የወዳጅነት ጉብኝት ብቻ ተደረገላቸው። በመጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ 32 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 8 በመቶ ከድብርት ነጻ ሆኑ። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ ተሳታፊዎቹም የትኛው ወገን ውስጥ እንዳሉ ያውቁ ነበር፤ አብዛኞቹ ሌላ ሕክምናም ላይ ነበሩ። እንደዚያም ሆኖ በምግብ ላይ የሚደረግ ለውጥ ከሕክምና ጎን ሊቆም እንደሚችል ያሳያል።

ወደ እኛ ማዕድ ስንመለስ የጎደለን ከምናስበው ያነሰ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጤፍና ገብስ ጥናቱ ከመከረው ጋር የሚስማሙ ናቸው። የሚጎድለው ፍራፍሬ፣ እንቁላልና ዓሣ ነው፤ የሚበዛው ደግሞ ዘይት፣ በሻይ የሚገባ ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥና የነጭ ዱቄት ዳቦ ናቸው። በጠዋት ስኳር በበዛበት ሻይ ዳቦ የበላ ሰው ረፋድ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ በሶ የበላ ሰው ግን ገብስ ውስጥ ያለው አሰር ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ስለሚያዘገይለት ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል። በዋጋም ቢሆን በሶው አያስቆጭም።

የደም ማነስ ላለበት ሰው ግን ከሚበላው ነገር እኩል የሚመዝነው የሚበላበት ሰዓት ነው። በአብዛኛው የደሴ ቤት ምሳ ሲነሳ ረከቦቱ ይቀርባል፤ የምስሩ ሳህን ሳይታጠብ ቡናው ይቆላል፤ ትሪው ከተነሳ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አቦሉ ይቀዳል። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ከዚያ ምግብ ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ይቀንሳል። ይበልጥ የሚጠቅመን ሁለተኛው ግኝቱ ነው፦ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ብረቱን አልነካም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ የተጠጣውን ያህል ቀነሰ። ስለዚህ ደሟ ያነሰ ሴት ቡናውን መተው አያስፈልጋትም፤ ከምሳ በፊት ማፍላት ወይም ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ማቆየት ይበቃታል። ጎረቤት የሚጠራው፣ ምርቃቱ የሚደርሰው በዚያው ሰዓት ይሆናል። በምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከጎኑ ትኩስ ቃሪያ ወይም ቲማቲም መብላት ደግሞ በቫይታሚን ሲ አማካይነት ተቃራኒውን ሥራ ይሠራል፤ ብረቱን ያስገባል።

ጤፍ በብረት ይመሰገናል፤ ይሁንና ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የሚደባለቅ ነው፤ ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገርም አካል ብረቱን እንዳይወስድ ይይዘዋል። ቡኮው በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ የበሰለ እርሾ ያለው እንጀራ ቶሎ ከተጋገረው ይሻላል። የባቄላ በቆልትም በዚሁ ምክንያት ከደረቁ ባቄላ ይመረጣል። ሥጋና ጉበት አካል በቀላሉ የሚወስደው ብረት ስላላቸው ጥቂቱም ይረዳል፤ ነፍሰ ጡሮች ግን ጉበት ባያበዙ ጥሩ ነው፤ የቫይታሚን ኤ መጠኑ ከፍተኛ ነው።

ስለ ጾም ሲጠየቅ ሁለት ጽንፍ እሰማለሁ፤ አንዱ «ድካሙን ያመጣው ጾሙ ነው»፣ ሌላው «ጾም ማንንም አይጎዳም» የሚል፤ ሁለቱም ልክ አይደሉም። በኦርቶዶክስ ሥርዓት አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከእንስሳት ተዋጽኦ ይርቃል። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ደግሞ ከእንስሳት ምግብ ነው። ነገር ግን ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ የጾም ወራት ብቻቸውን ጤነኛን ሰው ለእጥረት አይዳርጉም። የሚያሰጋው በፍስኩም ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ለማግኘት አቅም ያጣ፣ በዕድሜ የገፋ፣ የቆየ የጨጓራ ሕመም ያለበት ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ነው። እጅና እግር የሚደነዝዘው፣ ምላሱ የሚያቃጥለውና የሚረሳ ሰው ቢ12ን ያስመርምር። በረመዳን ግን ድካሙ በአብዛኛው ከንጥረ ነገር እጥረት ሳይሆን ከተቆራረጠ እንቅልፍ የሚመጣ ነው፤ በሱሑር ሰዓት ሻይ ብቻ ከመጠጣት ገንፎ ወይም የአጃ ሾርባ ከእንቁላል ጋር፣ በቂ ውኃም መጨመር፣ ቀንም አጭር እረፍት ማድረግ ይረዳል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰዓቱን በራሱ ሳይሆን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

ከደሴ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ዓሣ ብዙ ጊዜ «ኦሜጋ 3 (ለአእምሮ የሚያስፈልግ የስብ ዓይነት) አለው» ተብሎ ይመከራል። ቆሮሶ ጥሩ ፕሮቲንና ቢ12 አለው፤ ስቡ አነስተኛ ስለሆነ ግን ኦሜጋ 3ቱ ከሰርዲን በጣም ያንሳል። ተልባም ያለው ኦሜጋ 3 ሌላ ዓይነት ነው፤ አካላችን ለአእምሮ ወደሚያስፈልገው የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ተልባን ለሆድ ድርቀት እመክራለሁ፤ በድብርት መድኃኒትነት ግን አልቆጥረውም።

ከፋርማሲ የሚገዙት

ከእንክብሎች ሁሉ ቦታውን ካገኘ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ብረት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ደማቸው ያላነሰ፣ ነገር ግን የብረት ክምችታቸው ዝቅ ያለ 198 ደካማ ሴቶችን መርምሮ ነበር፤ ለ12 ሳምንታት ብረት የወሰዱት ድካማቸው ወደ 48 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ እንክብል የወሰዱት 29 በመቶ ያህል ቀነሰ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ማስመሰያውም ያን ያህል መርዳቱ «እኔን ጠቅሞኛል» የሚል ምስክርነት ብቻውን ማስረጃ እንዳይሆን ያስገድዳል። ብረት ጨጓራ የሚያስቸግረው ሰው ቀን እየዘለለ መውሰድ ይችል እንደሆነ ባለሙያውን ይጠይቅ፤ እንዲያ ሲወሰድ አካል ከእያንዳንዱ እንክብል የበለጠ ብረት ያስገባል። እጥረት የሌለበት ሰው ግን አይውሰድ። እንክብሉም ከሕፃናት እጅ ይራቅ፤ ለሕፃን ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ቫይታሚን ዲ ለድብርት መከላከያ ይሆን እንደሆነ ከ18,000 በላይ አሜሪካውያን ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትለው ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ አልተከላከለም። የዓሣ ዘይትም በዚያው ጥናት ተፈትሾ አልተከላከለም። ድብርት ላለበት ሰው ግን ኢፒኤ የተባለው የኦሜጋ 3 ዓይነት የበዛበት የዓሣ ዘይት በቀን 1 እስከ 2 ግራም ከመድኃኒት ጋር ሲወሰድ መጠነኛ እገዛ ሊያደርግ ይችላል። ዋጋው ውድ ስለሆነ በእኔ ግምት ከእንቁላልና ከፍራፍሬ በኋላ የሚመጣ ወጪ ነው።

«ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» የሚለውን ልማድ ግን በግልጽ እቃወማለሁ። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ የሚሰጠውም 200 ካሎሪ አይሞላም። ያንኑ ጉልበት ከአንድ እንጀራ ባነሰ ማግኘት ይቻላል፤ ያለ መርፌ፣ ያለ ቁስለት፣ ያለ ወጪ። እጥረቱ ሳይታወቅ የሚወጋ የቢ ኮምፕሌክስ መርፌም እንዲሁ ነው።

ዕፆችና ቅመሞች

በዓለም ላይ ለድብርት በብዛት የተጠናው ዕፅ ሃይፐሪከም የሚባለው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. 5,489 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 29 ጥናቶች ያጠቃለለ ግምገማ ለቀላልና ለመካከለኛ ድብርት ከማስመሰያ የተሻለ፣ ከተለመዱት መድኃኒቶችም ጋር የተቀራረበ ሆኖ አግኝቶታል። ይሁን እንጂ ከዝርዝሩ ሁሉ አብዝቼ የምፈራው እርሱን ነው፤ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ የእርግዝና መከላከያ እንክብልንና በክንድ የሚቀበረውን፣ ዶሉቴግራቪርን ጨምሮ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን እንዲሁም ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ያዳክማል። ከፀረ ድብርት መድኃኒት ጋር ሲደባለቅም አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ከውጭ ዘመድ የላከው እንክብል ስም ላይ ይህ ቃል ካለ ፋርማሲስት ሳያየው አይጀመር። በደጋችን የሚበቅለው አሜጃ የዚህ ተክል ዘመድ ቢሆንም አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም፤ ቅጠሉን ቀቅሎ መጠጣት መጠኑ ያልታወቀ ነገር መውሰድ ነው።

እርድና ጥቁር አዝሙድ በአነስተኛ ጥናቶች ጥቂት ተስፋ አሳይተዋል፤ በወጥ መጠን ጉዳት የላቸውም። የጥቁር አዝሙድ ዘይት በማንኪያ የሚወስድ የስኳር ወይም የግፊት ታማሚ ግን ስኳሩ ወይም ግፊቱ ከልክ በታች ሊወርድበት ስለሚችል ይጠንቀቅ። ጤና አዳምን በቡና ላይ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ጨምቆ መጠጣት ሌላ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ሁለተኛው ክልክል ነው።

ቡና፣ ጫትና መጠጥ

ቡና ያነቃል፤ በልኩ መጠጣቱም ለድብርት አይከፋም። ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከአካል ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ሦስቱንም ዙር የጠጣ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ግማሹን ይዞ ይተኛል። እንቅልፍ ያጣ ሰው የቡናውን ሰዓት ወደ ረፋድ ቢያመጣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያተርፋል።

ጫት ከሁሉም የሚያታልል አማራጭ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን ለጥቂት ሰዓታት ጉልበትና ጨዋታ ይሰጣል፤ ከምርቃናው በኋላ ግን ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መዘጋት ይከተላሉ። ያንን ለመስበር ጨብሲ ይፈለጋል፤ አልኮሉ ደግሞ እንቅልፉን ይቆራርጣል፣ ስሜቱንም በማግስቱ ይበልጥ ያወርዳል። በየቀኑ የሚቅም ሰው ቅጠሉን ሳይቀንስ የሚወስደው ቫይታሚን ሁሉ በቀዳዳ ከረጢት ይገባል። ሲያቆምም ለቀናት ድካም፣ ብስጭትና ዱካክ ይገጥመዋል፤ ይህ የሚያልፍ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ወደ ቅጠሉ ከመመለስ ያድናል።

ሰው፣ እምነትና ንግግር

ቡናና ዱዓ፣ ማኅበርና ቅሬ የወሎ ሰው ከሐዘኑ ጋር ብቻውን እንዳይቀር ያደርጉታል። በተደራጀ መንገድ ሲሠራበት የሰው ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ከኡጋንዳ ገጠር የወጣ ጥናት ያሳያል፦ በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት በሳምንት አንድ ጊዜ በቡድን እየተሰበሰቡ በሠለጠነ ሰው መሪነት ስለ ሐዘናቸውና ስለ ጠባቸው ከተነጋገሩት መካከል ከ16 ሳምንት በኋላ ድብርቱ የቀጠለባቸው 6.5 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ካልተሰበሰቡት ግን 54.7 በመቶ ነበሩ። ከእንክብሎቹ ውስጥ እንዲህ ያለ ልዩነት ያሳየ የለም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲደርስ ዘመድ ያጣ፣ ንብረቱ የተዘረፈበት ወይም በዓይኑ ክፉ ያየ ሰው ሌሊት በቅዠት የሚነቃ፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚደነግጥ ከሆነ ያለበት ነገር የብረትም የቫይታሚንም እጥረት አይደለም። የሚያስፈልገው በሠለጠነ ባለሙያ የሚደረግ የንግግር ሕክምና ነው፤ ዓመታት ማለፋቸውም ጊዜው አለፈበት አያሰኝም። ጸበልና ዱዓ የሚያጽናኑ ናቸውና አይተዉ፤ ለእነርሱ ሲባል የተጀመረ መድኃኒት መቋረጡ ግን ብዙ ሰው ይጎዳል።

ከመድኃኒቱ ጋር ሲነጻጸር

ድብርቱ ቀላል የሆነ፣ ሥራውን እየሠራ ያለ ሰው ከእግር ጉዞ፣ ከእንቅልፍና ከማዕድ ቢጀምርና ለስድስት ሳምንት ያህል ቢሞክር ተገቢ ነው። ሥራው የተስተጓጎለ፣ ከአልጋ ለመነሳት የተቸገረ ወይም ቀድሞ በከባድ ድብርት ታሞ የሚያውቅ ሰው ግን ያን ያህል አይጠብቅ፤ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን በአገራችን የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ውጤታቸው ለመታየት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀጥላሉ፤ ሲቆሙም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰው እርምጃውንም ሎሚውንም አይተውም፤ ሁለቱ አይጋጩም።

ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ማስጻፍም ይቻላል። ቀጠሮ የያዘ ሰው በየቀኑ የሚተኛበትንና የሚነሳበትን ሰዓት፣ የሚጠጣውን ቡና፣ የሚቅመውን ጫት፣ የሚወስደውን ዘይት፣ ዕፅና እንክብል ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፎ ይሂድ፤ የእንክብሎቹንም ማሸጊያ ይያዝ። «ይህን ብናገር ይቆጣኛል» ብሎ የሚደብቀው ዕፅ ወይም ቅጠል ከሚታዘዝለት መድኃኒት ጋር የሚጋጨው ሊሆን ይችላልና።